የብሎጌን ጓዳ ላስተካከለችልኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። ሥራዋ የሰው ብሎግ ማደራጀት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ መኖሩን ራሱ ያወቅኩት በሷ ነው። ስሟን እዚህ እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች፤ የሚፈልጋት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጻፍ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የምጽፍበት የብሎግ ፕሮግራም፣ ወርድፕረስ፣ ከወጣ ገና 3 ዓመቱ ነበር። ያኔ ካቴጎሪ (የጽሑፍ ምድብ) እንጂ ታግ (በጽሑፉ ሥር የሚለጠፍ ቁልፍ ቃል) የሚባል ነገር አልነበረውም። ታግ የመጣው በ2007፣ 2.3 ከሚባለው ቅጂ ጋር ነው። ስለዚህ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ካቴጎሪ አደረግኩት። ስለ ሌንስ አንድ ነገር ከጻፍኩ «ሌንስ» የሚል ካቴጎሪ ይከፈታል። ሁለተኛ ጽሑፍ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል! ታግ ሲመጣ ደግሞ ብርቅ ሆነብኝ። በአንድ ጽሑፍ ሥር 15 ታግ የደረደርኩበት ጊዜ አለ።

ከሷ በፊት አንድ ሰው ቀጥሬ ነበር። ማንነቱ ይቅር። «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ በአንድ ቀን ጨረሰው። ትርፍ የመሰለውን ካቴጎሪ ሁሉ ሰርዞ ሄደ። ካቴጎሪ ሲሰረዝ ጽሑፉ አይጠፋም። ሌላ ካቴጎሪ ከሌለው ግን ሄዶ የሚያርፈው ለቤት አልባ ጽሑፎች ማረፊያ በተደረገው ካቴጎሪ ውስጥ ነው። የኔ ማረፊያ «ልዩ ልዩ» ነበር። 130 ጽሑፍ እዚያ ተከመረ። የተሰረዙት ካቴጎሪዎች ሊንክም አብሮ ሞተ፤ ጠቅ ያደረገ ሁሉ የሚያየው 404፣ «ገጹ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ሆነ።

ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወሰደች፣ ቆጠረች፣ ሌላ ምንም አልነካችም። 412 ጽሑፍ፣ ከስረዛው የተረፈ 37 ካቴጎሪ፣ ከ900 በላይ ታግ። እኔን ብትጠይቁኝ ታጉን ቢበዛ 100 እል ነበር። ከዚያ ሁሉንም በኤክሴል ዘርዝራ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ርዕሱን ይርሱት። ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ በአንድ ቃል ይጻፉልኝ» አለችኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ የራሴን ጽሑፍ ሳነብ ከረምኩ። አንዳንዱን ማን እንደጻፈው ገረመኝ። አንዳንዱን ደግሞ ሳላፍር ደገምኩት።

«ልዩ ልዩ» ላይ ስንደርስ ሳቀች። «ይሄ እኮ ምድብ አይደለም ጋሼ፣ ጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ነገር እየተገፋ የሚገባበት።» እውነቷን ነው። አንባቢ «ልዩ ልዩ» የሚል ነገር ፈልጎ አይመጣም።

የካቴጎሪና የታግ ልዩነት ለዓመታት ሲምታታብኝ የኖረ ነገር ነው። እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ «የጽሑፍ ቤቱ አንድ ነው፣ ወዳጁ ግን ብዙ ነው።» ካቴጎሪ ቤቱ፣ ታግ ወዳጁ መሆኑ ነው። የቆዩ ደብዳቤዎችን እንዴት ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል የጻፍኩት ነገር አለ። ቤቱ «ፎቶ» ነው። የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ስለ ማንበብ የጻፍኩት ደግሞ «ቋንቋ» ውስጥ ይኖራል። ሁለቱ በቤት አይገናኙም። «ደብዳቤ» በሚለው ታግ ግን ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱን ያነበበ ሌላውን ያገኛል። ቤት ደግሞ ክፍል ሊኖረው ይችላል፤ «ሌንስ» አሁን «ፎቶ» ሥር ገብቷል። ታግ እንዲህ በላይና በታች አይደረደርም፣ ሁሉም እኩል ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ታጎቼን በፊደል ተራ ደርድራ ስታሳየኝ አንገቴን ደፋሁ። «መጽሐፍ» አለ። «መጽሀፍ» አለ። «መፅሐፍ» አለ። «መፅሃፍ» አለ። «መጻሕፍት» እና «መጽሐፎች»ም አሉ። ለኔ አንድ ነገር ነው፣ ለኮምፒውተሩ ስድስት። እያንዳንዱ የየራሱ ገጽ ነበረው፤ አንዱ ውስጥ 20 ጽሑፍ፣ ሌላው ውስጥ ሁለት። «መፅሃፍ»ን የነካ አንባቢ ሁለቱን አይቶ፣ ይሄ ሰውዬ ስለ መጽሐፍ ብዙም አልጻፈም ብሎ ይሄዳል ማለት ነው። «ሥራ»ና «ስራ»ም እንደዚያው። በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች አሁኑኑ የታግ ዝርዝራችሁን ክፈቱና እዩት፣ አታጡትም።

ትክክለኛው የቱ ነው በሚለው ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዲስኩር አደረግኩላት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ሲያበቃ «ደህና፣ አንዱን ይምረጡና ሁልጊዜ እሱን ብቻ ይጻፉ» አለችኝ። አለቀ። የመረጥናቸውን ቃላት በአንድ ገጽ አትማ ሰጠችኝ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተለጥፏል። አዲስ ታግ ከመክፈቴ በፊት ቀና ብዬ አያለሁ።

ማዋሐዱን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ጽሑፎቹን በሙሉ በሚቀረው ታግ ሥር ታስገባለች፣ ባዶ የቀረውን የምትሰርዘው ከዚያ በኋላ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጽሑፉ ያለ ታግ ይቀራል። አንድ አንድ ጽሑፍ ብቻ የያዙትን ካቴጎሪዎች ደግሞ ወርድፕረስ ራሱ ባዘጋጀው መቀየሪያ ወደ ታግ አዞረቻቸው። መቀየሪያው መኖሩን ስንት ዓመት አላወቅኩም! የድሮ ሊንኮችን በ301 (የድሮውን አድራሻ የነካ ሰው በቀጥታ አዲሱ ላይ እንዲያርፍ በሚያደርገው ማዞሪያ) ወደ አዲሱ ገጽ መራቻቸው፤ ያኛው ሰውዬ የገደላቸውን ጭምር። የገጾቹን አድራሻም በላቲን ፊደል አሳጠረችልኝ። የአማርኛ አድራሻ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል። አራት ፊደል ያላት «መጽሐፍ» 36 ምልክት ሆና ስትሄድ የደረሰው ሰው ቫይረስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

በመጨረሻ 7 ካቴጎሪና 64 ታግ ቀረ። ደንቧ፣ ቢያንስ ሦስት ጽሑፍ የማያገናኝ ታግ አይቆይም የሚል ነው። አንዱ ላይ ተጣላን። «ማስታወሻ አያያዝ» የሚል ሁለት ጽሑፍ ያለው ታግ ነበረኝ፤ ሌላ እጽፍበታለሁ አልኳት። «ሲጽፉ ይከፍቱታል» አለች። እንቢ አልኩ። ተወችልኝ። እስካሁን ሦስተኛውን አልጻፍኩም፤ ግን እጽፋለሁ።

እንከን የላትም አልልም። በ10 ቀን እጨርሳለሁ ብላ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ጠዋት ስልክ አታነሳም። ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፤ ቶሎ ሆድ የሚብሰው ሰው ትንሽ ይከብደው ይሆናል። ግን ያልነገረችኝን አንድም ነገር አልቀየረችም፣ ሥራውን ጨርሳም እሷን ሳልፈልግ እንድቀጥል አድርጋኝ ነው የሄደችው። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ በ2009 የጻፍኩትን ነገር አግኝቶ ጥያቄ ላከልኝ። ያ ጽሑፍ ጓዳው ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ነው።

ብሎጋችሁ ላይ ያለው 30 ወይም 40 ጽሑፍ ከሆነ አትቅጠሯት፤ እሷም አትቀበላችሁም። አራት አምስት ካቴጎሪ ይበቃችኋል፣ ታጉ ይቆያል። ብዙ ዓመት የከመራችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ስለምትይዝ ወረፋ ሊኖር ይችላል። እስከዚያው ባክአፕ ውሰዱ። ደግሞ እባካችሁ፣ እሷ ሳታየው ምንም እንዳትሰርዙ።