ዌይ፣ ጌይነር፣ ክሪያቲን ወይስ እንቁላልና በሶ፦ ለጂም ጀማሪ የቱ ያዋጣል?

ጂም ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው ቀጭን ልጅ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ባልዲ ላይ ነው፤ ማስ ጌይነር፣ ኪሎ ለመጨመር የሚጠጣ ዱቄት። ባልዲው ትልቅ ስለሆነ ወር የሚያቆይ ይመስላል። ዞር አድርጎ ጀርባውን ማንበብ ነው። 2.7 ኪሎ የሚመዝነው የተለመደ ጌይነር የአንድ ጊዜ መጠኑ 330 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚበቃው ለ8 ጊዜ ብቻ ነው። በየቀኑ እንደታዘዘው ከተጠጣ በሳምንቱ ባልዲው ባዶ ነው። በአንዱ መጠን ውስጥ 50 ግራም ፕሮቲንና 250 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ካርቦሃይድሬቱ በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ሆድ ሲገባ ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ የስታርች ዱቄት። በውድ ዋጋ የተገዛ ስኳር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የሚነጻጸረው የባልዲው ግዝፈት ሳይሆን በውስጡ ያለው የፕሮቲን ግራም ነው።

ስንት ያስፈልጋል?

ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 96 ግራም ማለት ነው። በኪሎ ከ2.2 ግራም በላይ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን የተለመደውን የቀን ምግብ እንይ። ጠዋት ሁለት እንቁላል በዳቦ 20 ግራም ገደማ፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ ሌላ 20፣ እራት እንጀራ በምስር እንደዚያው። ድምሩ 60 ነው። የጎደለው ወደ 35 ግራም ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ወተትና ሦስት እንቁላል ይሞላዋል፤ አንድ ተኩል ስኩፕ (ባልዲው ውስጥ የሚገኘው መለኪያ ማንኪያ) ዌይ፣ ማለትም ከወተት የሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት፣ እንዲሁ ይሞላዋል። ምርጫው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ሽሮው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮቲኑ ያለው በዱቄቱ እንጂ በውሃው አይደለም። ውሃ የበዛበት ቀጭን ሽሮ ሁለት ጭልፋ ቢወጣም ዱቄቱ 30 ግራም ላይሞላ ይችላል፤ ፕሮቲኑም 6 ግራም ገደማ ይሆናል። ወፈር ብሎ የተሠራ ተጋቢኖ ግን እጥፉን ይሰጣል። «በቀን ሁለቴ ሽሮ እበላለሁ፣ ለምን አልጨመርኩም?» ለሚል ሰው አንዱ መልስ ድስቱ ውስጥ ነው።

30 ግራም ፕሮቲን ከምን ይገኛል?

የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 5፤ አነስ የሚለው የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 6 ወይም 7
ወተት 1 ሊትር ገደማ
ያልበሰለ ቀይ ሥጋ፣ ጮማው ወጥቶ፣ 150 ግራም
ያልተቀቀለ ምስር 125 ግራም
የሽሮ ዱቄት 150 ግራም
ኦቾሎኒ 120 ግራም (ከ650 ካሎሪ በላይ ይዞ ይመጣል፤ ለቀጭን ሰው ደግ ነው)
ዌይ ፕሮቲን 39 ግራም ገደማ
ጌይነር 200 ግራም

እንቁላል ቀቅላችሁ ወይም ጠብሳችሁ ብሉ። ጥሬውን መጠጣት ጉብዝና አይደለም፤ ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲወስድ ከጥሬው የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው። በዚያ ላይ የሳልሞኔላ አደጋ አለ።

ዌይ ከእንቁላል ጋር በዋጋ

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቁጥር ከመጥራት ስሌቱን ማወቅ ይሻላል። 2.27 ኪሎ የዌይ ባልዲ፣ ስኩፑ 31 ግራም ሆኖ 24 ግራም ፕሮቲን ካለው፣ 73 ስኩፕ ይወጣዋል፤ በጠቅላላው 1,750 ግራም ፕሮቲን። ይህ የ290 ትልልቅ እንቁላል ፕሮቲን ነው። የባልዲውን ዋጋ ለ290 አካፍሉት። የወጣው ቁጥር በሰፈራችሁ ካለው የአንድ እንቁላል ዋጋ ካነሰ ዌዩ ረከሰ፤ ከበለጠ እንቁላሉ። ጌይነሩን በዚሁ ስሌት ካያችሁት 2.7 ኪሎው የ67 እንቁላል ፕሮቲን ብቻ ነው የያዘው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ከዌይ ውስጥ ኮንሰንትሬት የሚባለው ከ70 እስከ 80 በመቶ ፕሮቲን ነው፤ አይሶሌት 90 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ። አይሶሌት ውድ ነው፤ ተጨማሪውን ዋጋ መክፈል የሚያስፈልገው ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው ብቻ ነው፤ የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ አብዛኛው ወጥቶለታል። ወተት ያለ ችግር የሚጠጣ ሰው ኮንሰንትሬቱን ይግዛ። ሲበጠበጥ ፈሳሹ ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል፤ ዱቄቱ ከቀደመ ሼከሩ ሥር ይጋገራል። በትኩስ ውሃም አይሞከር፣ ይጓጉላል።

የጌይነር ምትክ ከቤት

ችግሩ ፕሮቲን ሳይሆን ኪሎ አለመጨመር ከሆነ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ካሎሪ ነው። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 80 ግራም በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ ሙዝ። ሲደመር 880 ካሎሪና ከ30 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሆናል። በሶው በአንዴ ከተገለበጠ ጓል ይሠራል፤ ወተቱ ላይ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ መምታት ነው። ከምግብ በፊት ከተጠጣ ምሳውን ስለሚዘጋ ትርፉ ይጠፋል፤ ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ይሁን። ለጀማሪ በወር 1 ኪሎ ገደማ መጨመር ጥሩ ነው። በወር 4 ኪሎ ከመጣ አብዛኛው ቦርጭ ነው፤ የበሶውን መጠን በግማሽ ቀንሱ።

ክሪያቲን

ከዱቄቶቹ ሁሉ ዋጋውን የሚያወጣው ይህ ነው። ጡንቻ ከባድ ነገር በሚያነሳባቸው ጥቂት ሰከንዶች የሚጠቀምበትን ጉልበት ቶሎ ይተካል፤ በዚህም አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ይጨምርላችኋል። ጡንቻ የሚያሳድገው ያ ጭማሪ ሥራ ነው፤ ክሪያቲን ወስዶ ከጂም የሚቀር ሰው የሚያገኘው ውሃ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛን ላይ የሚታየው 1 ወይም 2 ኪሎ በአብዛኛው ጡንቻ ውስጥ የገባ ውሃ ስለሆነ አትደነቁ።

ሞኖሃይድሬት የሚለውን ግዙ፤ ኤችሲኤልም ሆነ ሌላው ውድ ዓይነት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ ዕረፍት ቀንም ጨምሮ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም መውሰድ ጡንቻውን ቶሎ ይሞላዋል፤ ግን ሆድ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ በትንሹም ቢሆን በአራት ሳምንት እዚያው ይደረሳል። ለምርመራ ደም ስትሰጡ ክሪያቲን እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩት፤ በኩላሊት ምርመራ የሚለካው የክሪያቲኒን ቁጥር ከፍ ሊልና ኩላሊት የታመመ ሊመስል ይችላል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይንካው። ከ18 ዓመት በታች ላሉ አንመክርም፤ እነሱ እንቁላሉና በሶው ይበቃቸዋል።

በጾም

ዌይ ከወተት ስለሚወጣ የጾም አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ግን እቅድ ይፈልጋል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር መልካም ጥምረት ነው፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቅንጣት) እህሉ፣ እህሉ የሚያንሰውን ጥራጥሬው ይሞላል። ላዩ ላይ 50 ግራም ኦቾሎኒ፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎና አኩሪ አተር ይጨመር። ዱቄት ካስፈለገ የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን አለ። የክሪያቲን ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል የሚሠራ እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ክሪያቲን አነስተኛ ስለሆነ እንዲያውም የበለጠ ይሰማዋል። በእንክብል ከሆነ ግን ሽፋኑ ጄላቲን ሊሆን ይችላል፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ስለሚሠራ ጾመኛውም ሙስሊሙም ዱቄቱን ይምረጥ።

ገንዘብ የማይወጣባቸው

ቢሲኤኤ፦ ዌይም እንቁላልም ውስጥ ያሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ፕሮቲን የሚበላ ሰው ደግሞ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ፕሪወርክአውት (ከስፖርት በፊት የሚጠጣ ማነቃቂያ)፦ ዋናው ሥራው የካፌይን ነው፣ ቡና አለ። ቴስቶስተሮን ጨማሪ የሚባሉ እንክብሎች፦ ይለፉ።

«ለማወፈር» ተብለው የሚሸጡ ኪኒኖች ግን ከብክነት ያለፉ ናቸው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ፊትን የሚያሳብጠው ውሃና ስብ አምጥቶ ነው፤ ጡንቻን እንዲያውም ያሳሳል፣ ከተለመደ በኋላ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። ሲፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ያሰኛል።

ስትገዙ

ክዳኑን ከፍታችሁ የውስጡ ማሸጊያ መኖሩን፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ከላዩ ላይ አለመፋቁን እዩ። በላስቲክ ተከፋፍሎ የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ። ለስፖርተኛ የተከለከሉ ነገሮች እንዳይኖሩበት መመርመሩን የሚያሳየው የኢንፎርምድ ስፖርት ምልክት ካለው የባች ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉት። በንጥረ ነገሩ ዝርዝር ላይ ግላይሲን ወይም ታውሪን ለብቻው ተጨምሮ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ የላብራቶሪ ምርመራው የሚለካው ናይትሮጅንን ስለሆነ እነዚህ ርካሽ አሚኖ አሲዶች የፕሮቲኑን ቁጥር ያስዋሹታል።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካለ ጌይነር አትበሉት፤ የሻንጣው ኪሎ ለማልቶዴክስትሪን አይባክንም። 300 ግራም ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት በቀን 3 ግራም ለ100 ቀን ይበቃል።