ደሴ ላይ የድሮ የጦርነት ኮሚክ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

በቴሌግራም የቆዩ መጻሕፍት እየለጠፈ፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያሲዝ ነው፣ ቶሎ ይድረሱ» እያለ የሚያጣድፈውን ዓይነት ነጋዴ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም። ዛሬ 9,000 ብሬን ወስዶ ፎቶኮፒ አሸክሞ ሰደደኝ።

የለጠፈው «ኮማንዶ» የሚባለውን የጦርነት ኮሚክ ነበር፣ አንድ ደርዘን የድሮ እትም። የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ኪስ የሚገባ፣ ሽፋኑ ባለቀለም፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ። ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚታተመው። ለእኛ የሚመጣልን በአስመራ መንገድ ነበር። አጎቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና ሲመለስ ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ይሰጠኛል። አንዷን መጽሔት ሰፈሩ ሁሉ ያነባታል። በብይ እንለዋወጣታለን። እንግሊዝኛው ባይገባንም ሥዕሉን እያየን ታሪኩን ራሳችን እንሞላዋለን። ጦሳ ተራራ ሥር ስንጫወት ጀርመን የሆነው ልጅ «አክቱንግ!» ብሎ ካልጮኸ ጨዋታው አይጀመርም። አያቴ ግን በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ እዚሁ ከተማ ነበሩ። መጽሔቱን ይቀበሉኝና «ይኼ አውሮፕላን የማን ነው?» ይሉኛል። የእንግሊዝ ነው ካልኳቸው ብቻ ነው የሚመልሱልኝ።

እነዚያ ሁሉ ጠፍተዋል። ገሚሱ የሱቅ መጠቅለያ ሆነ፣ ገሚሱን ዝናብ በላው። ለዚህ ነው ፎቶውን ሳይ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሄድኩት።

ክምሩን ጠረጴዛ ላይ አደረገልኝ። እያነሣሁ አየኋቸው። እውነተኛ ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ያለው ዋጋ በሽልንግ ነው፤ እንግሊዝ ሽልንግን እ.ኤ.አ. በ1971 ስለተወች ከዚያ በፊት የታተሙ ናቸው ማለት ነው። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። ሽታቸው ያው የልጅነቴ ሽታ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሱም አየኝ። «አብሽር ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው ያቆየሁት» አለኝ።

በቴሌብር ላክሁለት። ስልኩ ጮኸ፣ መልእክቱን አነበበ። ከዚያ ክምሩን አቅፎ ብድግ አለ። «ዝናብ እንዳይነካብዎት ላሽግልዎት» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ፕላስተር ሲላጥ ይሰማኛል። ረዳቱ ልጅ ሻይ አምጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስለ ድሮዋ ደሴ ይጠይቀኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አጫውተዋለሁ። ለካ የተቀመጠው ወደ መጋረጃው እንዳላይ ነው! ሰውዬው ተመልሶ የታሸገውን ካርቶን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ አስረከበኝ። ጎንበስ ብሎ!

ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን ስንወርድ አላስችል ብሎኝ ፈታሁት። ሽፋኑ በቀለም ፕሪንተር የወጣ ነው። ወረቀቱ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ተነክሯል። ሽቦው አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። አንዱን ስገልጥ በረሃ ላይ የሚሄድ ታንክ። ሌላውን ስገልጥ ያው ታንክ። ሦስተኛውም ያው። ሽፋኑ ብቻ ይለያያል እንጂ አንድ ታሪክ ነው ደርዘን ጊዜ ያባዙት።

ወርጄ ተመለስኩ። የጠጣሁበት ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛው አልተነሣም። «ያሳየሁዎትን ነው የሰጠሁዎት። ከዚህ ከወጡ በኋላ ምን እንዳደረጉት እኔ በምን አውቃለሁ?» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። ረዳቱ ደግሞ፣ ያ ቅድም «እስቲ ያጫውቱኝ» ሲለኝ የነበረው፣ ሳቀብኝ። «ፋዘር፣ የልጅ ሥዕል እኮ ነው። ፎቶኮፒው አይታይም እንዴ?»

ከብሩ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ። የልጅ ሥዕል መሆኑንማ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ነው የወደድኩት። ያንን ፍቅር ፊቴ ላይ አንብቦ የሸጠልኝ ሰው መልሶ የሚንቀኝ በምን ሒሳብ ነው?

የምትገዙ ከሆነ ዕቃው ከዓይናችሁ ሳይርቅ፣ እጃችሁ ከገባ በኋላ ክፈሉ። እያንዳንዱን ውስጡን ግለጡ፣ ሽቦውን እዩ። ያንኑ ፎቶ አመሻሹ ላይ መልሶ ለጥፎታል። ከላይ ያለው መጽሔት ቀኝ ጥጉ የተቀደደ ነው፣ ሽፋኑም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጫረ ፊርማ አለ። እሱን ካያችሁ ሰውዬው ያ ነው።