እናታችንን ግሽ አባይ አድርሶ በሰላም ለመለሰልን ሹፌር ምስጋና (መኪና ለምትፈልጉም ጥቆማ)

ሰላም ናችሁ የባህር ዳር ልጆች። ይሄን ነገር ልጽፍ ካሰብኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ ስራው ልጆቹ ምናምን እያለ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፣ ምስጋና ደግሞ ሲያድር ደስ አይልም። ስለ አንድ የዶልፊን ሹፌር ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ "እህቴ አደራ ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪው" ብሎኛል፣ ግን ስልኩን ለሚፈልግ ሰው በኢንቦክስ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ ጻፉልኝ።

ነገሩ ከእናቴ ነው የሚጀምረው። እናቴ ዘጌ ተወልዳ ባህር ዳር ያረጀች ሴት ናት፣ ታንኳ ላይ ያደገች፣ ጣና በማዕበል ቢናወጥ ምንም የማይላት ሰው። መኪና ግን አይሆንላትም። ገና ሞተሩ ሲነሳ ነው የሚያጥወለውላት። እና ይቺ ሴት ለስንት አመት ግሽ አባይ ስእለት አለብኝ ስትል ኖራለች፣ ጸበሉን ከምንጩ በእጄ ቀድቼ ሳልጠጣ አልሞትም እያለች። እኛ ደግሞ በየአመቱ ዘንድሮ እንወስድሻለን እንላለን።

አምና ለዘመድ ሰርግ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ የያዝነው ሹፌር (ማን እንደሆነ አልናገርም፣ አያስፈልግም) ከወረታ በኋላ ያለውን ዳገትና መጠምዘዣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ነው የነዳው፣ ኩርባ ላይ ሲኖትራክ ይቀድማል፣ እናቴ በፌስታል እያስመለሳት "ልጄ ትንሽ አቁምልኝ" ስትለው "እማማ ሰዓት የለኝም" አላት። እንደዛ ነው ያላት። ከዛን ቀን ወዲህ "ከእንግዲህ መኪና የምገባው አስከሬኔን ስትጭኑት ነው" ብላ ቁርጥ አድርጋ ተወችው፣ ስለ ግሽ አባይም ማውራት አቆመች፣ እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ወንድሜ ከሀዋሳ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። አሁን ካልወሰድናት መቼም አንወስዳትም ተባባልን። መስሪያ ቤት አብራኝ የምትሰራ ልጅ ይሄን ሹፌር ጠቆመችኝ፣ ደወልኩለት። እኔ ስንት ነው ልል ስዘጋጅ እሱ ቀድሞ የጠየቀኝ "መኪና የሚያመው ሰው አለ? እድሜያቸው የገፋ አለ? ህጻን አለ?" ብሎ ነው። ስለ እናቴ ነገርኩት፣ ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አንሄድም፣ እንጅባራ እናድራለን፣ እሳቸውን ጋቢና አስቀምጡልኝ" አለ። ዋጋውን ያኔውኑ ተናገረ፣ እስከመጨረሻው አንድ ብር አልጨመረም፣ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን እንደቆመ የሰማሁት እንኳን ከሌላ ሰው ነው። ከመነሳታችን በፊት ማታ እንጅባራና ጥሊሊ ያሉ ሹፌሮች ጋር ደዋውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ "ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በር ላይ ነኝ" አለኝ፣ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ከባህር ዳር ወደ ዳንግላ ሲባል ለአዲስ አበባ የሚታለፍ መንገድ ብቻ ይመስለዋል። በጥቅምት ሂዱበት! ከመራዊ ጀምሮ ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ ቢጫ ምንጣፍ ነው፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በንፋስ ይተኛል ይነሳል። ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ስንሻገር ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመና እናቴን "እማማ ይሄ ነገ ራሱን የሚያዩት ወንዝ ነው፣ ከግሽ ወርዶ ጣና የሚገባው" አላት። ወርዳ ቆማ ብዙ አየችው። ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እኮ ይሄ ነው፣ እሷ እድሜዋን ሙሉ መድረሻውን እያየች ኖራ መንገድ ላይ ሲያልፍ አይታው አታውቅም።

ዱርቤቴን ዳንግላን ቀስ እያልን ነው ያለፍነው፣ በየአርባ ደቂቃው ይቆማል፣ ሳንጠይቀው። ከአዲስ ቅዳም ወዲህ አገሩ ይለወጣል፣ ብርዱ ይገባል፣ ተራራው ሜዳው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው፣ ገበሬው ተክሎት ለከሰል የሚሸጠው፣ መንገድ ዳር ጆንያ በጆንያ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ እንጅባራ ስትደርሱ ደግሞ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ። የጽጌ ጾም ስለሆነ እናቴ ትጾማለች፣ በያይነቱ የሚሰራ ንጹህ ቤት እሱ ያውቅ ነበር፣ እዛ በላን። ጋቢ ያዙ ብሎ አስቀድሞ ባይነግረን ልጆቹ ያን ሌሊት በብርድ ያልቁ ነበር።

በማግስቱ ነው ዋናው ነገር። ግሽ አባይ ጸበሉ ጋር የሚቀርብ ሰው እህል ውሃ ያልቀመሰ መሆን አለበት፣ ጫማም ይወልቃል። እናቴ ባዶ ሆድ መኪና! እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእንጅባራ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ዘንገና ሐይቅ ጋር አቆመልን፣ ከአስፋልቱ ጥግ ነው፣ ከ160 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውሃ፣ ጠዋት ስለሆነ ጉሙ ላዩ ላይ ነበር፣ ዙሪያውን ደን። ብዙ አልቆየንም። ከዛ ጥሊሊ፣ ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ስትታጠፉ ፒስታው ይጀምራል፣ ዳገቱም።

እዚህ ጋር ሹፌሩ ያደረገውን በደንብ ልጻፍ። በየኩርባው፣ በየአንዳንዱ ኩርባ፣ ገና ከሩቅ "እማማ አሁን ወደ ግራ ልንዞር ነው" ይላታል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይዞራል። "አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ረዘም ይላል።" "አሁን ጉድጓድ አለ፣ ሶስት ጊዜ ያንገጫግጨናል፣ ከዛ አበቃ።" መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ከፍቶላታል፣ "ሩቅ ይመልከቱ፣ ያ ጎጆ ይታይዎታል? እሱን ይዩልኝ" ይላታል። ወንድሜ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው "ሹፌር መኪና የማያመው መታጠፊያው ሳይመጣ ስለሚያውቀው ነው፣ እሳቸውም እንዲያውቁት ነው" አለው። መጀመሪያ ላይ እናቴ የመኪናውን እጀታ ጨምድዳ ይዛ ነበር፣ እጇን ነው ከኋላ የማየው፣ ጅማቷ ተገታትሮ። እሱ ሲናገር "እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ" ትላለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ከዛማ ጭራሽ "አሁን ወደ ቀኝ ነው አይደል?" ማለት ጀመረች፣ "ልክ ነዎት እማማ ወደ ቀኝ ነው" ይላታል። አንድ ጊዜም አላስመለሳትም። አንድ ጊዜም!

ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የግሽ ምንጭ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ላይ ነው የወጣችው። ስንደርስ ምንጩን አይታ ቆመች። ትንሽ ናት እኮ፣ ያላያችሁ ሰዎች ትልቅ ነገር ትጠብቁ ይሆናል። የወንድሜ ትንሹ ልጅ "ግብጽ የሚደርሰው ይሄ ውሃ ነው?" ብሎ ጮኾ ጠየቀ፣ አዎ አልነው፣ አላመነም። እናቴ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኛም ዝም ብለን አጠገቧ ቆምን። ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን በዳገቱ ተሸክሞ መኪና ያደረሰው ሹፌሩ ነው፣ በባዶ እግሩ። ስንመለስ ጥሊሊ ላይ ምሳ ስንበላ ነው እሱም ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ያወቅነው። "እሳቸው ሳይበሉ እኔ እንዴት እበላለሁ" ነው ያለው፣ እኛን ማንም ሹፌር እንደዚህ አድርጎልን አያውቅም።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ሌላ ነገር አየሁ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያወርደው፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ነካ ያደርጋል። ወንድሜ መኪና ስለሚነዳ "ለምን ፍሪ አታደርገውም ናፍጣ ይቆጥብልህ ነበር" አለው። እንዲህ ነበር መልሱ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱም ይፈላል፣ ከዛ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ፔዳሉ እግርህ ስር ይሰምጣል፣ ሞተሩ ይያዘው እንጂ። ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ አቁሞ ወረደና ጎማዎቹ ጋር በየተራ ጎንበስ እያለ የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን አየ። አራቱንም። ከዛ "ደህና ነው" ብሎ ገባ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም እያየው መሆኑንም አላወቀም፣ እኔ ግን በመስኮት አየሁት።

በሶስተኛው ቀን ጢስ አባይ ነው የወሰደን፣ ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሄ ቀላሉ ነበር። ግን እሱንም ቢሆን ጊዜውን መርጦ ነው። ብዙ ሰው በበጋ ሄዶ "ፏፏቴው የታለ" ብሎ ተናዶ ይመለሳል፣ ውሃው ወደ መብራት ማመንጫው ስለሚጠለፍ በተለይ ሁለተኛው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተሰራ ወዲህ በበጋ በጣም ይሳሳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ስትሄዱ ግን ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ድምጹ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል፣ ከ40 ሜትር በላይ ነው የሚወረወረው። ወንድሜና ልጆቹ በአላታ ድልድይ በኩል፣ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በተሰራው የድንጋይ ድልድይ፣ በእግራቸው ዞሩ። እናቴ ዳገቱን ስለማትችለው ሹፌሩ ከላይ በኩል በጀልባ የሚያሻግር ልጅ አስቀድሞ አነጋግሮ ነበር፣ ጀልባ ላይማ ንግስት ናት፣ ከዛ ሜዳውን ቀስ ብለን ሄድን። ከግሽ በእፍኟ የቀዳችው ውሃ እዛ ሲወረወር አየችና "እንዲህ ትሆናለህ ለካ" አለችው። ወንዙን ነው ያናገረችው።

ማታ ወደ ቤት ሊያደርሰን ሲል "እማማ አንድ ቦታ ቀርቶናል" ብሎ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ወሰዳት፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትሩ። ይሄ ኮንትራቱ ውስጥ አልነበረም። መብራቱ በርቶ ነበር፣ ቀስ ብሎ ሄዶ ዞሮ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ውሃው ከጣና ሲወጣ አየችው። እንግዲህ ከራሱ እስከ ጢሱ አንዱንም አልዘለለባትም።

ለምትፈልጉት ሰዎች ልክ ልኩን ልናገር። ቸኩላችሁ ከሆነ ይሄ ሰው አይሆናችሁም፣ አይሮጥም፣ ለምናችሁም አይሮጥላችሁም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከከተማ ውጪ አይነዳም። መኪናው ኤሲ የለውም፣ ወንበሩ ግን ንጹህ ነው፣ ቀበቶዎቹ ይሰራሉ፣ ትርፍ ጎማው ሙሉ ነው (ወንድሜ ፈትሾታል)። ሲነዳ ስልክ አያነሳም፣ ደውላችሁ ካላነሳ እየነዳ ነው ማለት ነው፣ ሲቆም ይደውላል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ህጻን ወይም መኪና የሚያመው ሰው ካላችሁ ከሱ ውጪ አትያዙ እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ የልጆችህን ወግ ማዕረግ ያሳይህ። እናቴ ጸበሉን ከፍላ በትንሽ ሃይላንድ አስቀምጣልሃለች፣ መጥተህ ካልወሰድክ እኔን ነው የምትቆጣኝ። ሌሎቻችሁ ለጥምቀት ጎንደር ወይም ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ለመሄድ ካሰባችሁ ከአሁኑ ደውሉለት፣ ያ ሰሞን ቶሎ ይያዛል።