የኮፕራሽ 60 መልመጃዎች ለፍሬንች ሆርን ተማሪ ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ለፍሬንች ሆርን የመልመጃ መጽሐፍ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ዋናው ነገር፣ መጽሐፉ ተማሪው እያንዳንዱን ድምፅ ከመንፋቱ በፊት በውስጥ ጆሮው እንዲሰማው ያስገድደዋል ወይ የሚለው ነው። የኤፍ ሆርን (መሠረታዊ ድምፁ ፋ የሆነው የተለመደው ፍሬንች ሆርን) ቱቦ 3.7 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው የተፈጥሮ ድምፆቹ (ያለ ጣት እገዛ ከቱቦው የሚወጡት) እርስ በርስ በሚቀራረቡበት ከፍተኛ ክልል ነው። በመሆኑም ጣቶቹ ሳይንቀሳቀሱ ጎን ለጎን ያሉ በርካታ ድምፆች ሊወጡ ይችላሉ፤ ከእነርሱ መካከል አንዱን የሚመርጡት ከንፈርና ትንፋሽ ናቸው። በዚህ መለኪያ የጀርመናዊው የሆርን ተጫዋች የጌኦርግ ኮፕራሽ 60 መልመጃዎች ዛሬም ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ብቻቸውን ይበቃሉ ግን አልልም።

መጽሐፉ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ በ1818 በፕሩሲያ የባለቤትነት መብት የተሰጠው ቫልቭ (በጣት ተጭነው የቱቦውን ርዝመት የሚቀይሩበት ክፍል) ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። የተጻፈው ለዝቅተኛው ሆርን ተጫዋች፣ ማለትም በኦርኬስትራ ውስጥ በተለምዶ የሁለተኛውንና የአራተኛውን ድርሻ ለሚይዘው ሰው በመሆኑ፣ ብዙዎች ችላ የሚሉት ዝቅተኛው ክልል እዚህ በሚገባ ይሠራበታል። ሰፋፊ ዝላዮችና አርፔጅዮዎች (የአንድ ኮርድ ድምፆች በተራ ሲነፉ) የበዙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዝቅተኛው ሶል ወደ ላይኛው ሚ የሚዘል ዓይነት ሐረግ ሲያጋጥም፣ መጀመሪያ ሁለቱን ድምፆች በአፍ መዝፈን፣ ቀጥሎ ሜትሮኖሙን (የምት መቁጠሪያውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ ያለ ምላስ በሌጋቶ (ድምፆቹን ሳያቋርጡ) መንፋት፣ ስታካቶውን (ድምፆቹን በምላስ እያጠሩ መንፋትን) ግን መጨረሻ ላይ ብቻ መጨመር ይገባል። ምላስ ቀድሞ ከገባ ከንፈሩ ርቀቱን ሳይማረው ይቀራል፤ ሌጋቶው ግን በመካከል ያሉት ድምፆች ሾልከው ሲወጡ ጉድለቱን ወዲያውኑ ያሰማል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው መልመጃዎቹ ለትራንስፖዚሽን (የተጻፈውን ወደ ሌላ ቁልፍ ቀይሮ ለመጫወት) ያላቸውን ምቹነት ነው። የቤትሆቨንና የብራምስ የሆርን ድርሻዎች በተለያዩ ቁልፎች የተጻፉ በመሆናቸው፣ በኤፍ ሆርን የሚጫወት ሰው እያነበበ መቀየር ይኖርበታል፦ ድርሻው በኢ ቤሞል (E♭) ከሆነ የተጻፈው ዶ ሲ ቤሞል (B♭) ይሆናል፤ በዲ (D) ከሆነ ላ፣ በሲ (C) ላለው ሆርን ደግሞ ወደ ታች ሶል ይሆናል። የኮፕራሽ ሐረጎች አካሄዳቸው ግልጽ ስለሆነ፣ የተሳሳተ ድምፅ ሲወጣ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። አንዱን ገጽ በሚገባ ካጠኑ በኋላ ወደ ሌላ ቁልፍ መውሰድ፣ እንግዳ የሆነ አዲስ ገጽ ከመጀመር ይልቅ የበለጠ ያስተምራል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ከሙዚቃዊ ውበት አንጻር ብዙዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ሳይቋረጥ ስለሚደጋገምም ከንፈርን ያደክማሉ፤ ስለዚህ በየመካከሉ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ድምፅን የሚያጠራ ረጅም ትንፋሽ፣ ቫልቭ ሳይነካ በከንፈር ብቻ ከድምፅ ወደ ድምፅ መሸጋገርና ደወሉን (የመሣሪያውን ሰፊ አፍ) በእጅ ዘግቶ መጫወት ከሌላ መምጣት አለባቸው። የከንፈር ሽግግሩን ከክፍቱ ኤፍ (ቫልቭ ካልተጫነበት) ጀምሮ በሰባቱም የቫልቭ ጥምረቶች፣ መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት እንደ ማሟሟቂያ መሥራት ይሻላል። ደወሉ በጥብቅ ሲዘጋ ደግሞ በኤፍ ሆርን ድምፁ በግማሽ ቃና ከፍ ስለሚል፣ ጣቱ በግማሽ ቃና ዝቅ ያለውን ኖታ መያዝ አለበት፤ ይህን በቀላል ስኬል መለማመድ ይበቃል።

መጽሐፉ ለትራምፔትና ለትሮምቦንም ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ የሆርኑ እትም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የቆዩት እትሞች የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ አዘጋጆች በየጊዜው የጨመሯቸው የድምፅ ጉልበትና የአነፋፍ ምልክቶች ግን ከእትም እትም ይለያያሉ፤ በመሆኑም ተማሪና መምህር አንድ ዓይነት ቅጂ ቢይዙ መልካም ነው። በመካከለኛው ክልል አንድን ድምፅ ሳያንቀጠቅጥ መያዝ ለማይችል ጀማሪ ግን መጽሐፉን አሁን አልመክርም፤ የሁለት ኦክታቭ ስኬል በእርጋታ መንፋት ሲችል ይጀምረው።