ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ፦ የፍሪስታይል ሊብሬ 2 ግምገማ

በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጣቱን እየወጋ ስኳሩን የሚለካ ሰው የሚያገኘው የዚያችን ቅጽበት ቁጥር ብቻ ነው፤ በሁለት ልኬቶች መካከል፣ ይልቁንም በእንቅልፍ ሰዓት፣ ስኳሩ የት ደርሶ እንደተመለሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአቦት ኩባንያ ምርት የሆነው ፍሪስታይል ሊብሬ 2 የተሠራው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ኢንሱሊን የምትወጋው እናቴ ክንዷ ላይ ለጥፋው ትውላለች፣ ታድራለችም። ከጎኗ ሆኜ እንዳየሁት፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው የዚህን ያህል የሚጠቅም ዕቃ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙን በሙሉ የሚያገኘው ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ቀስት ማንበብ የለመደ ሰው ነው።

ክንድ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ሁለት ሳንቲም የተደራረበ ያህል ነው። የላይኛው ክንድ ጀርባ በአልኮል ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ አብሮ በሚመጣው መለጠፊያ ይጫናል፤ መርፌው ወዲያው ተመልሶ ይወጣና ከቆዳ ሥር የሚቀረው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭንና ተጣጣፊ ክር ነው። ክሩ ላይ ያለው ኢንዛይም ግሉኮስን ሲያገኝ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ የስኳሩ መጠን የሚሰላውም ከዚያ ፍሰት ነው። መሠረተ ሐሳቡ አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ከባልደረባው ቻምፕ ላዮንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ካቀረበው የኢንዛይም ኤሌክትሮድ የመጣ ነው። ሴንሰሩ በተለጠፈ በ1 ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና 14 ቀን ያገለግላል፤ ቁጥሩና ቀስቷ የሚታዩት ስልክ ላይ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ መሣሪያው የሚለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ መሆኑ ነው። ስኳር ከደም ወደዚህ ፈሳሽ ለመድረስ ደቂቃዎች ስለሚወስድበት፣ ከምግብ በኋላ ፈጥኖ ሲወጣ ወይም ከእንቅስቃሴ በኋላ ሲወርድ የሴንሰሩና የጣት መለኪያው ቁጥር ይለያያል። ብዙ ሰው «ይሄ ነገር ይዋሻል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስቷ የምትጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው። ስልኩ 110 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢያሳይና ቀስቷ ወደ ጎን ብታመለክት የሚያሳስብ ነገር የለም። በዚያው 110 ላይ ቀስቷ ቀጥ ብላ ወደ ታች ካመለከተች ግን ስኳሩ በየደቂቃው ከ2 ሚሊ ግራም በላይ እየወረደ ነው ማለት ስለሆነ፣ በዚሁ ከቀጠለ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ዝቅተኛ ወደሚባለው ከ70 በታች ይገባል። የጣት መለኪያ ለሁለቱም ሁኔታ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው።

ስኳሩ ከተወሰነለት ልክ ሲወርድ ወይም ሲያልፍ ማንቂያው ስልኩን ያስጮኸዋል፤ ስልኩ ግን ከ6 ሜትር መራቅ የለበትም። ብቻውን ለሚያድር ሰው ይህ ብቻውን ዋጋ አለው። እናቴ ራት ላይ እንጀራ በሽሮ በልታ ወዲያው ስትቀመጥና ጥቂት ስትንሸራሸር ስልኩ ላይ የሚታየው መስመር አንድ አይደለም፤ ስትቀመጥ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ይቆያል፣ ስትንሸራሸር ቀደም ብሎ ይመለሳል። ሐኪሟ ለዓመታት ሲመክራት የቆየውን ነገር በዐይኗ ካየች ወዲህ ከራት በኋላ ተነሺ የሚላት ሰው አላስፈለጋትም። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ለሚቆዩ ኢንሱሊን ተጠቃሚዎችም፣ መጾሙን ከሐኪም ጋር ተማክረው የወሰኑ እንደሆነ፣ ስኳሩ በስንት ሰዓት ወደ ታች ማዘንበል እንደሚጀምር ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቶች አሉት። በተለጠፈበት ክንድ ላይ ተጭኖ የተኛ ሰው፣ ስኳሩ ሳይወርድ እንደወረደ ተቆጥሮ ማንቂያው ሌሊት ሊጮህበት ይችላል። በቀን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ንባቡን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ መውረዱን ሊሸፍን ይችላል፤ ጉንፋን በያዘን ቁጥር የቫይታሚን ክኒን ለምንወስድ ሰዎች ይህ ሊሰመርበት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ለኢንሱሊን ውሳኔ የጣት ደም ማመሳከር ይገባል፤ ስሜቱና ቁጥሩ ያልተስማሙለት ሰውም መቼም ቢሆን እንደዚያው ያድርግ። ማጣበቂያው ቆዳቸውን የሚያሳክካቸውና የሚያቆስላቸው ሰዎችም አሉ።

የስኳር በሽታ ለሌለበትና በጉጉት ብቻ ለሚገዛው ሰው ግን አልመክረውም፤ ከምግብ በኋላ ስኳር ወጣ ማለቱ ጤናማ ሰው ላይም ያለ ነገር ነው። ቆዳ ሳይወጉ ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ፈቃድ የሰጠው አንድም እንደሌለ ገልጿል። ርካሽ ናቸው ተብሎ ለወላጅ ባይላኩ ይሻላል፤ የሰዓቱን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሊብሬን ከውጭ አገር ለቤተሰብ ለመላክ ያሰበ ሰው ሁለት ሴንሰር አንድ ወር እንኳ እንደማይሞላ፣ ለዓመት 26 እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ያስላ። ሴንሰሩን በስልክ ለማስጀመር ኤን ኤፍ ሲ (ስልኩን ሲያስጠጉት ሴንሰሩን የሚያነብበት ቴክኖሎጂ) ያለው ስልክ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ደግሞ ይህ የላቸውም። ስለዚህ የስልኩን ሞዴል ጠይቆ ማረጋገጥ፣ ካልሆነም በስልክ ፋንታ የሚያገለግለውን የሊብሬን ማንበቢያ መሣሪያ አብሮ መላክ ያስፈልጋል። የጣት መለኪያውና የጣት ደም የሚነካበት ስትሪፑም ሴንሰሩ ባለቀበት ቀን የሚፈለጉ ናቸውና ከቤት አይጥፉ።