ምስጋናና ጥቆማ፦ እናቴ ራሷ እንድትመርጥ ላደረጉት ነርስና አስተርጓሚ

ለንደንና አካባቢዋ ላላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ቤታችሁ የሽንት ፊኛ ካንሰር ለገባባችሁ ይህን ጽፌያለሁ። ማመስገን የምፈልገው ሁለት ሴቶችን ነው። አንዷ በሆስፒታል የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ክፍል የምትሠራ የካንሰር ነርስ ናት። ሌላዋ የአማርኛ አስተርጓሚ ናት። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አደባባይ አላወጣም። ሥራቸውን ግን ልናገር።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ሽንቷ ላይ ደም ታየ። አያማትም። ይመጣል፣ ይጠፋል። ጂፒው፣ ማለትም የሰፈር ሐኪሙ፣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። ጠፋ፣ ከዚያ ተመለሰ። አሁንም አንቲባዮቲክ። በሴቶች ላይ ይህ በብዛት ይደርሳል፤ ደሙ የኢንፌክሽን ነው እየተባለ ካንሰሩ ዘግይቶ ይገኛል። ስለዚህ ይህችን ያዙልኝ። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ፣ ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ያለ ኢንፌክሽን በዓይን የሚታይ ደም ከሸና፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ታክሞ ደሙ ከቀጠለ ወይም ከተመለሰ፣ አስቸኳይ የካንሰር ምርመራ ሪፈራል ይጻፍለታል። ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሲጃራ አላጨስም ብላችሁም አትዘናጉ። ትልቁ መንስኤ ማጨስ መሆኑ እውነት ነው፤ እናቴ ግን በሕይወቷ ሲጃራ ነክታ አታውቅም።

በሽንት ቧንቧዋ በኩል ካሜራ አስገብተው አዩ። ዕጢውን በዚያው መንገድ ፍቀው አወጡት። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ካንሰሩ የፊኛው ጡንቻ ውስጥ ገብቷል ተባልን። ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ያልነካው ዓይነት እየተፋቀና ፊኛው ውስጥ መድኃኒት እየተጨመረ ይታከማል። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን ያ ብቻውን አይበቃም። ያኔ ሁለት መንገድ ይቀርባል። አንዱ ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት ነው። ሌላው ፊኛውን ሳያወጡ ዕጢውን በተቻለ መጠን ፍቆ፣ ጨረርና ኬሞን አንድ ላይ መስጠት ነው።

ቤታችን ተተራመሰ። ታላቅ ወንድሜ "ለእሷ አይነገራት" አለ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውሎ "ምን ያመራምራል፣ ያውጡላትና ትገላገል" አለ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ "ካንሰር ቢላ ከነካው ይዛመታል" ብላ ልባችንን አራደችው። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። በተለይ የአጎቴ ይገባኛል። አገር ቤት ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ወረፋውንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው የሚመክረው ያየውን ነው።

እዚህ መሀል ነርሷ ደወለች። የሥራ መደቧ ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት ይባላል። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት እናቴ በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደምትፈልግ ጠየቀችኝ። እኔው አስተረጉማለሁ አልኳት። በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል እምቢ አለችኝ። "አንቺ ልጇ ነሽ። አጠገቧ ቁጭ በይ፣ ቋንቋውን ለባለሙያ ተይ" አለችኝ። ሴት አስተርጓሚ እንድትመጣም አዘዘች።

ምን ያህል ልክ እንደነበረች የገባኝ ቀጠሮው ላይ ነው። በሴት ላይ ፊኛ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ማሕፀንና የዘር እንቁላል ከረጢቶች አብረው ይወጣሉ፤ ከብልት ግድግዳም ይቆረጣል። በወንድ ደግሞ ፕሮስቴት አብሮ ይወጣል። እኔ ለእናቴ ይህን በአፌ ልነግራት? አልችልም ነበር። አስተርጓሚዋ ግን አንዲት ቃል አልዋጠችም፣ አንዲትም አልጨመረችም። "እማማ" እያለች፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ነውሩን ሁሉ በክብር ተናገረችው። "ካንሰር" የሚለውንም በስሙ ጠራችው። ዶክተሩ ሲያስረዝም እጇን አንስታ ታስቆመዋለች፤ እናቴ ከተረዳች በኋላ ነው የምታስቀጥለው። ከዚያ እናቴ "አንቺ ትንሽ ውጪልኝ" አለችኝ። ወጣሁ። ምን እንደጠየቀች እስከዛሬ አላውቅም። ስገባ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ቀለል ብሎ ነበር።

ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2015 ያወጣው ምክር አለ። ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ለገባበትና ሁለቱንም ሕክምና ለሚችል ሰው ሁለቱም ምርጫ ይቅረብለት ይላል። ውይይቱም ፊኛ ከሚያወጣው ቀዶ ሐኪም፣ ከጨረር ሐኪሙና ከስፔሻሊስት ነርሷ ጋር መሆን አለበት። እኛ መጀመሪያ የተያዘልን ቀጠሮ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ብቻ ነበር። ነርሷ ናት "የጨረር ሐኪሟንም ሳታይ አትወስንም" ብላ ሁለተኛውን ቀጠሮ ያስያዘችው። ለእኔ ትልቁ ውለታዋ ይህ ነው። ቀዶ ሐኪም ስለ ቀዶ ሕክምና በደንብ ያውቃል፣ የጨረር ሐኪም ስለ ጨረር። ሁለቱንም ያልሰማ ሰው መረጠ አይባልም።

እናቴ ቀጥታ "ዕድሜ የሚሰጠኝ የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀች። የጨረር ሐኪሟ የመለሰችላት በ2023 ላንሴት ኦንኮሎጂ በሚባለው የካንሰር ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጠቅሳ ነው። በቶሮንቶ፣ በቦስተንና በደቡብ ካሊፎርኒያ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የታከሙ 722 ሰዎችን ያነጻጸረ ጥናት ነው። 440ዎቹ ፊኛቸው የወጣ፣ 282ቱ ፊኛቸው ተጠብቆ የታከሙ ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ያልተዛመተባቸው በሁለቱም ወገን ከመቶ 75 ገደማ ሆነው ተገኙ። ፊኛቸውን ካቆዩት ውስጥ 13 በመቶዎቹ ኋላ ላይ ማስወጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ሐኪሟ ማሳሰቢያውንም አልደበቀችም። ሰዎቹ ለየሕክምናው በዕጣ አልተመደቡም፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በዕጣ መድቦ ለማነጻጸር ተሞክሮ ነበር፤ በቂ ፈቃደኛ ስላልተገኘ ቆመ። ደግሞ በጥናቱ የገቡት ለሁለቱም መንገድ የሚመቹ የተመረጡ ሕሙማን ናቸው። ያላቸው ዕጢ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰባት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ኩላሊታቸው በሽንት መታገድ ቢያብጥ እንኳ በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጨረር ለሁሉም ይሻላል ማለቴ አይደለም። ካንሰሩ በፊኛው ግድግዳ ላይ በብዙ ቦታ ከተበተነ፣ ሁለቱም ኩላሊቶች ካበጡ፣ ወይም ፊኛው ቀድሞውኑ ሽንት መያዝ ካቃተው፣ ማውጣቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የምናውቃቸው አንድ ጋሼ ፊኛቸውን አስወጥተው፣ ሽንታቸው የሚፈስባትን ከረጢት ከሸሚዛቸው ሥር አድርገው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ደህና ናቸው። እናቴን በስልክ ያበረታቷትም እሳቸው ናቸው።

ነርሷ ቀዶ ሕክምናውን ስታስረዳ ወረቀት ላይ ሥላ ነው። ከትንሹ አንጀት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ፣ ከኩላሊት የሚወርዱት ቱቦዎች እዚያ ላይ ይሰፋሉ። ጫፉ ሆድ ላይ ይወጣና ሽንቱ ወደ ከረጢት ይፈሳል። ለሚመቸው ሰው ደግሞ ከረዘም ያለ አንጀት ውስጥ አዲስ ፊኛ ይሠራል፤ እሱም ሌሊት ሊያመልጥ ይችላል፣ አንዳንዱም በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ራሱን ማስሸናት አለበት። ውሃ የሞላ ከረጢት ሰጥታ እናቴ ሆዷ ላይ ለጥፋ ቤቷ እንድትውልበት አደረገች። እናቴ ስትሰግድና ወገቧን ስታጥፍ ምን እንደሚሰማት አየች። የጣቶቿ ሪህ ከረጢቱን ለመቀየር እንደሚያስቸግራትም ያኔ ታወቀ። ይህ በወረቀት አይገኝም።

የፊኛ ማቆየቱም ዋጋ እንዳለው በዚያው ልክ ተነገራት። ድካም አለ። ሽንት ያጣድፋል፣ ያቃጥላል፤ ሆድም ሊያስቀምጥ ይችላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ፊኛው ይኮማተራል ወይም ይደማል። ዋናው ነገር ደግሞ የካሜራ ምርመራው የዕድሜ ልክ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ እየተራራቀ። ካንሰሩ ከተመለሰ ፊኛውን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጨረር የነካው አካል ላይ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ይከብዳል። ቀጠሮ የሚሰለቸው ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

እናቴ ሁሉን ሰምታ ፊኛዬ ይቆይልኝ አለች። ወንድሜ ዝም አለ፣ ከዚያ ግንባሯን ሳማት።

ሕክምናው በአራት ሳምንት ሃያ ጊዜ የሚሰጠው ጨረር ነበር። አንዳንድ ቦታ ከስድስት ሳምንት በላይ 32 ጊዜ ይሰጣል። ኬሞው ጨረሩን የሚያግዝ ነው። መጀመሪያ ቀን ማይቶማይሲን የሚባለው ወይን ጠጅ መሳይ መድኃኒት፣ ከዚያ በመጀመሪያውና በአራተኛው ሳምንት ፋይቭ ኤፍ ዩ የሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት በትንሽ ፓምፕ። ይህን ጥምረት የፈተሸው የብሪታንያ ጥናት በ2012 የታተመ ሲሆን 360 ሰዎች ነበሩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ፊኛውና አካባቢው ላይ ያልተመለሰባቸው፣ ኬሞ ከተጨመረላቸው 67 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 54 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ጨረሩ ብቻውን ይበቃል የሚላችሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ።

በዚያ ጊዜ ሁሉ ነርሷ ስልኳን ታነሳለች። ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ የትኛው የአስቸኳይ መስመር ላይ እንደምንደውል በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። አስተርጓሚዋም በስልክ እየገባች ታግዘናለች። ጾም ገብቶ እናቴ ልጹም ስትል፣ አስተርጓሚዋ ጾሙ ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪሟ አብራራች፤ የሐኪሟን ምክርም ለእናቴ አደረሰች። የንስሐ አባቷም ፈቀዱላት። እንዲህ ያለውን ነገር መዝገበ ቃላት አይፈታውም።

ሕክምናው አልቋል። በቅርብ በካሜራ ሲታይ ፊኛዋ ንጹሕ ነው። ክትትሉ ይቀጥላል፣ ሁሉን የሚያውቅ እሱ ነው።

እንግዲህ ጥቆማዬ። ኤን ኤች ኤስ (የብሪታንያ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ውስጥ የፊኛ ካንሰር ተገኘባችሁ ከተባላችሁ "ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስቴ ማን ናት?" ብላችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ስሟንና ስልኳን ያዙ። አስተርጓሚ በነጻ ነው። የቀጠሮ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና አማርኛ በሉ፤ ሴት ትሁንልኝ ወይም ወንድ ይሁንልኝ ማለትም ትችላላችሁ። ማክሚላን የሚባለው የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅትም በስልክ መስመሩ አስተርጓሚ ያቀርባል። ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ።

እናንተ ሁለታችሁ፣ ይህ ከደረሳችሁ እናቴ "እጃችሁ ይባረክ፣ ወልዳችሁ ሳሙ" ብላችኋለች። እኔም አመሰግናለሁ።