ለሁለት ሰው የትኛው መርከብ ይሻላል? አይኮን፣ ቢዮንድ እና ወርልድ አሜሪካ ሲነጻጸሩ

ልጆች ይዛችሁ የማትሄዱ ጥንዶች ከሆናችሁ ግዙፉን የካሪቢያን የሽርሽር (ክሩዝ) መርከብ ለመያዝ አትቸኩሉ። መርከቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ግዙፎቹንም መካከለኞቹንም ሞክረናል፤ ግዙፎቹ ላይም ደስ ብሎን ነው ያሳለፍነው። ነገር ግን እነዚህ መርከቦች የተሠሩት በዋናነት ለቤተሰብ ነው። የውሃ መንሸራተቻው፣ የልጆች መጫወቻው፣ ግድግዳ መውጫው ሁሉ ቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አለ። ሁለት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጥሩ ክፍል፣ ጥሩ እራትና ረጋ ያለ ቀን ነው።

ለማነጻጸር ሦስት መርከቦች መርጫለሁ። ሦስቱም ከፍሎሪዳ እየተነሱ ካሪቢያንን የሚዞሩ ናቸው። አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የሮያል ካሪቢያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ ጀመረ። ሴሌብሪቲ ቢዮንድ በ2022 የወጣ ነው። ሮያልና ሴሌብሪቲ በስም ይለያዩ እንጂ የአንድ እናት ኩባንያ ናቸው። ኤም ኤስ ሲ ወርልድ አሜሪካ ከሦስቱ አዲሱ ነው፤ በሚያዝያ 2025 ከማያሚ መጓዝ ጀመረ።

ትልቅ ማለት የተጨናነቀ ማለት ነው?

አይኮን 365 ሜትር ይረዝማል፤ 20 ፎቅ አለው። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢታሰብ 5,610 መንገደኛ ይይዛል። ቢዮንድ 327 ሜትር ሲሆን በዚሁ ስሌት 3,260 ሰው ይይዛል። የመርከብ መጠን የሚነገረው በግሮስ ቶኔጅ ነው። ይህ ክብደት ሳይሆን የመርከቡን የውስጥ ስፋት የሚያሳይ ቁጥር ነው። የአይኮን 248,663፣ የቢዮንድ 140,600 ገደማ ነው። ለመንገደኛው ብታካፍሉት አይኮን ላይ ለአንድ ሰው 44፣ ቢዮንድ ላይ 43 ይደርሳል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ክፍሎቹ ሦስትና አራት ሰው ሲይዙ ነው። አይኮን ጢም ብሎ ሲሞላ እስከ 7,600 ሰው ይጭናል። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ድርሻ ወደ 33 ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፦ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን፣ በመጋቢትና ሚያዝያ ዕረፍት፣ በክረምቱ ወራት። ስለዚህ አይኮንን ከመረጣችሁ ቀኑን አብራችሁ ምረጡ። በጥር አጋማሽ የሚነሳው አይኮንና በሐምሌ የሚነሳው አይኮን ለሁለት ሰው ሁለት የተለያዩ መርከቦች ናቸው። ቢዮንድ ላይም ልጆች አሉ፣ ግን ቁጥራቸው ያነሰ ነው። መርከቡም የውሃ መንሸራተቻ ስለሌለው ለእነሱ ተብሎ የተሠራ አይመስልም።

ክፍሉን ስትመርጡ

ጥንዶች ከምንም በላይ ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በሰባት ሌሊት ጉዞ ውስጥ ከሰው ተለይታችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ክፍላችሁ ብቻ ነው።

አይኮን ላይ "በረንዳ" የሚባለው ሁሉ ባሕር አያሳይም። የመርከቡ መካከል ክፍት ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚያዩ በረንዳዎች አሉ። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው እውነተኛ ዛፍና አበባ የተተከለበት ቦታ ነው፤ ማታ ሲበራ በጣም ያምራል። ወደዚያ የሚያይ በረንዳ ዋጋው ባሕር ከሚያየው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን ፊት ለፊታችሁ የሌላ ሰው በረንዳ ነው፤ ፒጃማ ለብሶ ቡና ለመጠጣት አይመችም። ሰርፍሳይድ ወደሚባለው ሰፈር የሚያይም አለ። ሰርፍሳይድ ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተሠራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የልጆች ድምፅ አለ። ስትገዙ የክፍሉን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ቢዮንድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው የበረንዳ ክፍል "ኢንፊኒት ቬራንዳ" ይባላል። በር ተከፍቶ የሚወጣበት የተለመደ በረንዳ አይደለም። የክፍሉ ጫፍ ላይ ትልቅ መስኮት አለ፤ ቁልፍ ሲጫን የላይኛው ግማሽ ወደ ታች ይወርድና ነፋሱ ይገባል። ክፍሉ ሰፊ ስለሚሆን ባለቤቴ በጣም ወዳዋለች። እኔ ግን ባሕሩን ከውጭ ቁጭ ብዬ ማየት ነው የምመርጠው። እንደኔ ከሆናችሁ ከመርከቡ ኋላ በኩል ያሉትን እውነተኛ በረንዳዎች ጠይቁ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ግን መርከቡ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከኋላ ማየት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

ባሕር የሚያማችሁ ከሆነ በየትኛውም መርከብ ላይ መሐል አካባቢና ዝቅ ያለ ፎቅ ያዙ። ትልቅ መርከብ ብዙ አይወዛወዝም፤ እንቅስቃሴው የሚሰማው በይበልጥ ጫፍና ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከመዋኛ ገንዳው ወይም ከቡፌው ሥር ያለውን ክፍልም ሽሹ። ማለዳ ወንበር ሲጎተት ጣሪያችሁ ላይ ይሰማል። ከላይም ከታችም የሰው መኝታ ያለበት ክፍል ጸጥ ይላል።

እራትና ጾም

ምግብ ላይ ለሁለት ሰው ቢዮንድ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ አላመነታም። አይኮን ብዙ ምግብ ቤት አለው፤ ቡፌው፣ ዋናው የእራት አዳራሽና ሌሎች ቀለል ያሉ ቤቶች በቲኬቱ ውስጥ ናቸው። ለጥንዶች የሚሆኑት ጸጥ ያሉት ቤቶች ግን በአብዛኛው ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። ቢዮንድ ላይ አራት ዋና ምግብ ቤቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሉ፦ የፈረንሳይ ዓይነት፣ የጣሊያን ዓይነት፣ የግሪክና የሜዲትራኒያን ዓይነት፣ እንዲሁም የተለያየ አገር ምግብ የሚያቀርብ። በየምሽቱ መቀያየር ይቻላል። ቦታ ስትይዙ "የሁለት ሰው ጠረጴዛ" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ።

የምትጾሙ ከሆነ ቀኑን ከመያዛችሁ በፊት የእኛን ካላንደር ተመልከቱ። ከታንክስጊቪንግ በኋላ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ዋጋ የሚረክስበት ነው፤ የነቢያት ጾምም የሚውለው በዚያን ጊዜ ነው። መጾምና በክሩዝ መሄድ አብረው አይሄዱም የሚል አለ። እኛ ሞክረነዋል፣ ይቻላል። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ዋናው አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያውን ምሽት ኃላፊውን አስጠሩና "ቪጋን" ብላችሁ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ የነገውን ዛሬ ያሳዩዋችኋል። የሕንድ የአትክልት ምግብም ጠይቁ፤ ምስርና ሽምብራ ስላለው ለእኛ አፍ ይቀርባል። ብቻ ቅቤና አይብ እንዳይገባበት በግልጽ ተናገሩ፤ "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ወተትና ቅቤ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

ቡና ላይ ተስፋ አታድርጉ። ነፃው ቡና ቀጠን ያለ ነው፤ ማኪያቶና ኤስፕሬሶ ይከፈልበታል። ጀበናና ምድጃ ይዞ መግባት አይቻልም፤ የሚግል ዕቃ፣ ሻማና ዕጣን በእሳት አደጋ ምክንያት ክልክል ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብም አያስገቡም።

ቲኬቱ ላይ የማይታየው ገንዘብ

ድረ ገጹ ላይ የምታዩት ዋጋ በአብዛኛው የአንድ ሰው ነው። በሁለት አባዙት። ከዚያ ለሠራተኞች የሚሰጠው ቲፕ አለ፤ በቀን በአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በራሱ ይቆረጣል። 18 ዶላር ብንል ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 252 ዶላር ይሆናል። እነዚህ ሠራተኞች ለወራት ከቤታቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት።

የመጠጥ ጥቅል ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሮያል ላይ አንዱ የአልኮል ጥቅል ከገዛ በዚያው ክፍል ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ይጠየቃል። ከሁለት አንዳችሁ የማትጠጡ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥቅሉ በቀን 80 ዶላር ቢሆን ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 1,120 ዶላር ነው፤ የአገልግሎት ክፍያው 18 በመቶ ሲጨመርበት ከ1,320 ዶላር ያልፋል። ከእራት ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ብቻ ለሚጠጣ ሰው አያዋጣም፤ በብርጭቆ መክፈል ይሻላል። ሴሌብሪቲ መጠጥና ዋይፋይ አብሮ ያካተተ ዋጋም ስለሚሸጥ ሁለቱን ስታነጻጽሩ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ሁሉንም ደምሩ። እንዲህ ስትደምሩ የአይኮን መስኮት የሌለው ክፍል ብዙ ጊዜ ቢዮንድ ላይ ካለው ባለ በረንዳ ክፍል ብዙም ርካሽ ሆኖ አታገኙትም።

ወርልድ አሜሪካ ለማን ይሆናል?

በጀት ለሚቆጥር ሰው ነው። ኤም ኤስ ሲ በአብዛኛው ከሮያል በታች ይሸጣል፤ መርከቡ ደግሞ አዲስና ባለ 22 ፎቅ ነው። ፒዛው እውነተኛ የጣሊያን ፒዛ ነው። ሲሞላ 6,762 ሰው ስለሚይዝ ግርግሩን በተመለከተ ከአይኮን ብዙም አይለይም። እዚህ ጥንዶች ሊያዩት የሚገባው "ያክት ክለብ" የሚባለውን ክፍል ነው። በትልቁ መርከብ ውስጥ የተለየ ትንሽ መርከብ እንደማለት ነው፦ የራሱ ገንዳ፣ የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ሳሎን አለው፤ መጠጡም ዋጋው ውስጥ ነው። ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ሌሎቹ ኩባንያዎች ለተመሳሳይ ነገር ከሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ልጅ የሚባል ጨርሶ ማየት የማትፈልጉ ከሆነ ቨርጂን ቮዬጅስ የሚባል የመርከብ ኩባንያ አለ፤ ከ18 ዓመት በታች አይሳፈርም፤ ምግብ ቤቶቹም በሙሉ በቲኬቱ ውስጥ ናቸው። ሙዚቃውና ድባቡ ግን የጭፈራ ነው፤ ረጋ ያለ ነገር ለሚወድ አይሆንም።

የሚቆሙበት ወደብ

አይኮን በተለምዶ አንድ ሳምንት በምሥራቅ በኩል፣ አንድ ሳምንት በምዕራብ በኩል ይሄዳል። በምሥራቁ ሴንት ማርተንና ሴንት ቶማስ፣ በምዕራቡ ኮዙሜልና ሮአታን አሉ። በሁለቱም ኩባንያው ባሃማስ ውስጥ ባዘጋጀው ኮኮኬይ ደሴት ይቆማል። ኮኮኬይ ላይ ባሕር ዳርቻውና ምሳው ነፃ ነው። ለአዋቂዎች ብቻ የሆነው ዳርቻና የውሃ መዝናኛው ይከፈልባቸዋል። የኤም ኤስ ሲው ደሴት ኦሽን ኬይ ግን ከኮኮኬይ ይልቅ ለጥንዶች የተሻለ ይመስለኛል። ቀድሞ አሸዋ ይወጣበት የነበረ የኢንዱስትሪ ቦታ ነው፤ አሁን ተጠግኖ ጸጥ ያለ ነጭ አሸዋ ሆኗል። መርከቡ አንዳንዴ እስከ ማታ ስለሚቆይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዳርቻው ላይ መሆን ትችላላችሁ።

መካከለኛ መርከብ የሚገባበት ቦታም ይበዛል። ግራንድ ካይማን የክሩዝ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የላትም፤ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ ሰው በጀልባ ይወርዳል። ለቢዮንድ ዓይነቱ ይህ አይከብድም፤ ጎኑ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል መሳፈሪያ አለው። አይኮንን ለመሰለ ብዙ ሺህ ሰው ለጫነ መርከብ ግን አይመችም።

ጃማይካ የሚገባ ጉዞ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን የገቡት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ነበር፤ ራስ ተፈሪያን እስከ ዛሬ ቀኑን ያከብራሉ። ኦቾ ሪዮስ ወርዳችሁ "ከኢትዮጵያ ነን" ስትሉ የሚደረግላችሁ አቀባበል ሌላ ወደብ ላይ አይገኝም።

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ከባልቲሞርም መነሳት ትችላላችሁ። አውሮፕላን መክፈል ይቀራል። ግን የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ዝቅ ያለ በመሆኑ ግዙፎቹ መርከቦች እዚያ አይገቡም። በአሜሪካ የብርድ ወራትም ፍሎሪዳ እስክትደርሱ ድረስ ብርድ ነው፤ ገንዳው አጠገብ መቀመጥ የምትችሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ወረቀታችሁን እዩት። የአሜሪካ ዜጋ ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሄድ ይችላል፤ ፓስፖርት ቢይዝ ግን ይሻላል፤ አንድ ነገር ቢፈጠርና ከሌላ አገር በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ፓስፖርት ይቸገራል። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ሁለቱንም ያዙ፤ የፓስፖርቱ ቀን ያላለፈ ይሁን። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ቪዛ አትጠይቅም፤ የሌሎቹን ደሴቶች ደንብ አንድ በአንድ ጠይቁ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳታነጋግሩ ቲኬት አትቁረጡ። መርከቡ ሌላ አገር ወደብ ከገባ ከአሜሪካ እንደወጣችሁ ይቆጠራል፤ መመለስ ላትችሉ ትችላላችሁ።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መስከረምና ጥቅምት ርካሽ የሆኑት ለዚህ ነው። መርከቡ ማዕበሉን ዞሮ ስለሚያልፍ ብዙ አያስፈራም፤ የሚቆምበት ወደብ ግን ሊቀየር ይችላል። አንድ የተወሰነ ደሴት ለማየት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በዚያ ወቅት አትያዙ።

ቀብድ ከፍላችሁ ከያዛችሁ በኋላ ዋጋውን መከታተል አትተዉ። ሙሉ ክፍያው የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ጉዞው ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ዋጋው ከወረደ ደውላችሁ በአዲሱ ዋጋ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።